ሎድዝ፦ ወንዞቿን የቀበረች ከተማ

የማላውቀውን ከተማ ካርታ ስዘረጋ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ወንዙን ነው። ዋርሶና ክራኮፍ ቪስዋን፣ ቭሮትስዋፍ ደግሞ ኦድራን ይዘው ተቀምጠዋል። ሎድዝ ላይ ስደርስ ግን ሰማያዊ መስመር አጣሁ። 6 መቶ 50 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ በአንድ ዘመን በሩሲያ ግዛት ውስጥ ከታላላቆቹ የጨርቃ ጨርቅ ማዕከሎች አንዷ የነበረች ከተማ በመሃሏ ወንዝ አይታይም። ጥጥ ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም፤ ማንጣቱም፣ ማቅለሙም፣ ማጠቡም፣ የእንፋሎት ማሞቂያውን መሙላቱም ውሃ ይፈልጋል። ታዲያ ውሃው የት ገባ? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። (ፖላንዶቹ ከተማዋን «ዉች» ይሏታል፤ እኔ በለመድነው ስም እቀጥላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሎድዝ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ዙሪያ ይሽከረከራል፦ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብቶቹ፣ የፊልም ትምህርት ቤቱ፣ የገበያ ማዕከል የሆነው ባለ ቀይ ጡብ ፋብሪካ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከተማዋን ከመንገዱ ሥር ጀምሮ ካላዩዋት የምትገባ አይመስለኝም።

ከሸንተረሩ የሚወርዱ ጅረቶች

ሎድዝ የተቀመጠችው የቪስዋንና የኦድራን ተፋሰሶች በሚለየው ሸንተረር ላይ ነው። በምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች እስከ ደቡብ ምዕራቡ የኔር ሸለቆ ድረስ የከፍታው ልዩነት ከ100 ሜትር ይበልጣል። ሸንተረር ላይ ትልቅ ወንዝ አይገኝም፤ ምንጭ ግን ሞልቷል። የከተማዋ ሰዎች 18 ወንዞች አሉን ይላሉ፦ ዉትካ፣ ያሼን፣ ሶኮዉፍካ፣ ኦሌሁፍካ፣ ኔር፣ ብዙራ እና ሌሎችም። «ወንዝ» ማለታቸው ትንሽ ኩራት አለበት፤ አብዛኞቹን ልጅ ዘሎ ይሻገራቸዋል። ብዙራ ወደ ቪስዋ፣ ኔር ደግሞ በቫርታ በኩል ወደ ኦድራ ይወርዳሉ።

ሎድዝ የከተማነት መብት ያገኘችው በ1423 ከንጉሥ ቭዋዲስዋፍ ያጌዎ ነው። ቢሆንም አራት መቶ ዓመት ያህል ከመንደር አላለፈችም፤ በ1820 በሩሲያው ዛር ሥር የነበረው የፖላንድ መንግሥት የፋብሪካ ሰፈር ብሎ ሲሰይማት ነዋሪዋ 800 አይሞላም ነበር። ቦታውን ያጨው የማዞቪያ አስተዳዳሪ ራይሙንድ ሬምቢየሊንስኪ ነው። ያየው ሦስት ነገር ነው፦ ባዶ የመንግሥት መሬት፣ ለግንባታ የሚሆን ደን፣ እና ቁልቁል የሚወርዱ ጅረቶች። ከጀርመን ግዛቶች፣ ከሲሌዥያና ከቦሄሚያ ለሚመጣ ሸማኔ መሬትና የቤት መሥሪያ እንጨት ተሰጠው፤ ለተወሰኑ ዓመታት ከግብር፣ ደግሞም ከውትድርና ነጻ ሆነ። በያሼን ጅረት ላይ ውሃው እየተገደበ መዘውር የሚያዞሩ ፋብሪካዎች ተደረደሩ።

ዛሬ የከተማዋ ዋና ጎዳና በሆነው በፒዮትርኮፍስካ የሚሄድ ሰው ይህን ድልድል እስካሁን ያየዋል። ለሸማኔዎቹ የተሰጠው ቦታ በመንገዱ በኩል ጠባብ፣ ወደ ኋላ ግን ረጅም ነበር። በኋላ ባለ ሀብት ሲመጣ ፊት ለፊቱን በፎቅ ቤት ዘጋው፤ ከኋላ መኖሪያ፣ ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያም ፋብሪካ ቀጠለ። ስለዚህ ፒዮትርኮፍስካን በፊቷ ብቻ ማየት ግማሹን መተው ነው። የበሩን ቅስት አልፈው ይግቡ። ቁጥር 3 ላይ ግድግዳውን ሁሉ በመስታወት ስብርባሪ ያለበሰ የዮአና ራይኮፍስካ የጥበብ ሥራ ያለው እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ «ኦፍ ፒዮትርኮፍስካ» የሚባለው የምግብ ቤቶችና የዲዛይነር ሱቆች ሰፈርም የቀድሞ ፋብሪካ ግቢ ነው።

ሉድቪክ ጋየር በ1839 በከተማዋ የመጀመሪያውን የእንፋሎት ሞተር በነጭ ፋብሪካው ሲያስነሳ ጅረቱ ጉልበት መሆኑ እያበቃ ሄደ። (ሕንፃው ዛሬ ማዕከላዊ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ነው፤ ማሽኖቹን ለማየት ጊዜ ይኑርዎት።) በ1851 ከሩሲያ ጋር የነበረው የጉምሩክ ድንበር ተነሣ፤ በ1865 የባቡር ሐዲድ ገባ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥጡን ሲያስወድደው አስቀድሞ ያከማቸው ካርል ሻይብለር ሌሎቹ ሥራ ሲፈቱ እሱ ከበረ። ከጦርነቱ በኋላ በያሼን ዳር፣ የካህኑ ወፍጮ በነበረበት በክሼንዢ ምዊን፣ 207 ሜትር የሚረዝም መፍተያ አስገነባ፤ ፊት ለፊቱ የሠራተኛ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተከተሉ። ኢዝራኤል ፖዝናንስኪም ከ1872 ጀምሮ በዉትካ አቅራቢያ ተመሳሳይ ግዛት መሠረተ። በ1897 ቆጠራ ሕዝቡ ከ3 መቶ ሺህ አልፏል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የፋብሪካው የውሃ ሥርዓት ቀላል ነበር፦ ንጹሑን ከጉድጓድ መሳብ፣ የቆሸሸውን ወደ ጅረት መልቀቅ። ጅረቱ የዕለቱን ቀለም ይዞ ይወርዳል። ሽታው ሲበዛ የተገኘው መፍትሔ ማጽዳት አልነበረም፤ መሸፈን ነበር። ዉትካና ያሼን በከተማው መሃል የጠፉት እንዲህ ነው።

ቧንቧው የቆመበት ቦታ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሎድዝ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ የከተማ ውሃ መስመርም ሆነ የፍሳሽ ማስወገጃ መረብ አልነበራትም። በ1898 የኤሌክትሪክ ትራም ያስገባች ከተማ መሆኗን ልብ ይበሉ። ትራም ገንዘብ ያመጣል፤ የፍሳሽ ቦይ ግን ወጪ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ዕቅዱን ያወጣው የዋርሶን የውሃና የፍሳሽ ሥርዓት ከአባቱ ጋር የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ሄርላይን ሊንድሊ ነው፤ በ1909 አስረከበ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ግዛት ፈረሰ፣ ፖላንድ ነጻ ወጣች፤ ቁፋሮው የተጀመረው በ1925 ነው። ቦዮቹ ከጡብ የተገነቡ፣ ቅርጻቸው ሽቅብ እንደቆመ እንቁላል ከታች ጠባብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ የሚወርደው ጥቂት ፍሳሽ በጠባቡ ሥር ተሰብስቦ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ሥሩ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱን አጥቶ ደለሉን እዚያው ይጥላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰፊው የላይኛው ክፍል ይሞላል። ለምሥራቁ ኮረብታ ምስጋና ይግባውና በሌላ በኩል ንጹሑ ውሃም በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ስቶኪ በሚባለው ከፍታ ላይ ከመሬት በታች የተሠሩትን የውሃ ማጠራቀሚያዎች፣ በአምድና በቅስት የተሞሉ በመሆናቸው፣ ሰዎች «የምድር ውስጥ ካቴድራል» ይሏቸዋል።

ከዚህ ሥራ አንዱን ቁራጭ ገብቶ ማየት ይቻላል። በነጻነት አደባባይ ሥር፣ አደባባዩን ተከትሎ የሚዞር፣ 142 ሜትር ርዝመት ያለው የ1926 የጡብ ቦይ አለ፤ «ዴንትካ» ይባላል፤ የከተማው ሙዚየም ነው የሚያስተዳድረው። ውሃ ይጠራቀምበትና በአንድ ጊዜ እየተለቀቀ የመሃል ከተማውን ቦዮች ያጥብ ነበር። ቁመቱ 187 ሴንቲሜትር ስለሆነ ረጅም ሰው አንገቱን መድፋት አለበት። የሚከፈተው ዓመቱን ሙሉ ስላልሆነ ከመሄድዎ በፊት ወቅቱን ያረጋግጡ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ከአደባባዩ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲሄዱ ባዉቲ አለ። እስከ 1915 ድረስ ከከተማዋ ወሰን ውጪ የነበረ፣ በወረቀት መንደር የሚባል፣ ድሃ አይሁድና ፖላንዳውያን ሸማኔዎች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የሊንድሊ ቦይ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ሲዘረጋ ባዉቲን ገና በአግባቡ አልደረሰውም ነበር። በ1939 ጀርመኖች ገቡ፤ የከተማዋን ስም ለውጠው ሊትስማንሽታት አሏት። በየካቲት 1940 ጌቶውን፣ ማለትም አይሁዶችን ለይተው የሚያጉሩበትን የታጠረ ሰፈር፣ ያቋቋሙት በባዉቲና በአሮጌው ከተማ ነው፤ ሚያዝያ 30 ዘጉት። አራት ካሬ ኪሎሜትር ገደማ በሆነ ቦታ 1 መቶ 60 ሺህ ያህል ሰው ታጎረ።

በዋርሶ ጌቶ ሰዎች በፍሳሽ ቦይ ምግብ አስገብተዋል፤ በ1943ቱ አመፅ መጨረሻ አንዳንዶቹ በዚያው ወጥተው ተርፈዋል። ያ መረብ ሊንድሊዎች የጀመሩት ነው። በሎድዝ ጌቶ ግን ከመሬት በታች መውጫ አልነበረም፤ ቦዩ አልደረሰማ። ቆሻሻው የሚወገደው ሰዎች በሚጎትቱት ጋሪ ላይ በተጫነ በርሜል ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ጌቶ ከሁሉም የተዘጋ ነበር ሲሉ ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የበጀት ሰነድ በድሮ ዓይኔ ማየት አልቻልኩም። በ1920ዎቹ «ይህ ሰፈር በሁለተኛው ዙር ይገባል» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ክፉ አላሰበም፤ ቦይ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚዘረጋው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እጽፍ ነበር። ቦዩ ቢደርስ ኖሮ ሕዝቡ ይተርፍ ነበር ማለቴም አይደለም፤ ዋርሶም አልተረፈም። ነገር ግን ድህነት ያስቀረው አንድ የቦይ መስመር፣ ገዳይ ሲመጣ የአጥር ሥራ ሠራ። ከዚህ በላይ ላስበው ሞክሬ የምደርስበት የለም።

ከ2 መቶ ሺህ በላይ ሰው በዚያ ጌቶ አልፏል። ከ40 ሺህ በላይ የሚሆኑት እዚያው በረሃብና በበሽታ ሞቱ፤ የቀሩት በአብዛኛው በኼልምኖና በአውሽቪትስ የሞት ካምፖች ተገደሉ። ጌቶው እስከ ነሐሴ 1944 የቆየው የእጅ ሥራው ስለተፈለገ ነው፤ ለጀርመን ጦር የደንብ ልብስ ይሰፋበት ነበር። ሰዎቹ የተጫኑበት የራዴጋስት ጣቢያ አሁን መታሰቢያ ነው። ከእንጨት የተሠራው ሕንፃና ፉርጎዎቹ እዚያው ቆመዋል። ከአውሮፓ ሰፋፊዎቹ አንዱ የሆነው የአይሁድ መቃብርም ሩቅ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ሌላ ነገር ግን አይጨምሩበት።

ገበያው ሁለት ጊዜ ጠፋ

ሎድዝ ለራሷ ሸምና አታውቅም። ጨርቋ ወደ ምሥራቅ ነበር የሚሄደው። በ1917 የሩሲያ አብዮት ያንን ገበያ ዘጋው፤ ከዚያ በፊትም የጀርመን ወረራ የፋብሪካዎቹን መዳብና ቀበቶ ሳይቀር ነቅሎ ወስዶ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ ተወርሰው የመንግሥት ሆኑና እንደገና ወደ ሶቪየት ኅብረት መላክ ጀመሩ። ለእነሱ የሚሆን ውሃ ግን ከሥር አልበቃ አለ። ጅረቱ ተቀብሯል፣ ጉድጓዱ ደርቋል፤ ስለዚህ በ1950ዎቹ ከፒሊጻ ወንዝ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ከሱሌዩፍ ግድብ 50 ኪሎሜትር ያህል በቧንቧ ተሳበላት። 18 ወንዝ ያላት ከተማ ከሩቅ ወንዝ ስትጠጣ፣ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው።

በፋብሪካዎቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስት ፈረቃ፣ ጫጫታ፣ ብናኝ። በታኅሣሥ 1970 መንግሥት የምግብ ዋጋ ሲጨምር የግዳንስክ መርከብ ሠሪዎች ተቃወሙ፤ ተተኮሰባቸው፤ ዋጋው ግን አልወረደም። በየካቲት 1971 የሎድዝ ሴቶች ማሽን አቁመው ከፋብሪካው አንወጣም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ መጥቶ ለመናቸው፤ እምቢ አሉት፤ በማግስቱ ጭማሪው ተነሣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ድር በሚያደሩ ሴቶች ቃል በቃል ሲፈጸም ያየሁት እዚህ ነው። የሚገርመኝ የዓለም ትውስታ መርከብ ሠሪዎቹን ይዞ እነዚህን መርሳቱ ነው።

ከ1989 በኋላ የምሥራቁ ገበያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ግዙፎቹ ፋብሪካዎች በጥቂት ዓመታት ተዘጉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ 8 መቶ 50 ሺህ የደረሰው ሕዝብ መቀነስ ጀመረ፤ እስካሁንም አላቆመም። የተተካው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፦ በ1997 የተቋቋመው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና፣ የቦሽና ሲመንስ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች፣ የዴል የኮምፒውተር መገጣጠሚያ፣ ለውጭ ኩባንያዎች የሂሳብና የኮምፒውተር አገልግሎት የሚሰጡ ቢሮዎች። የኤ1 እና የኤ2 አውራ ጎዳናዎች ከከተማዋ አጠገብ መገናኘታቸው፣ ከ2013 ጀምሮም ከቻይናዋ ቼንግዱ የጭነት ባቡር መምጣቱ መጋዘን አበዛ።

«አሮጌዎቹን ፋብሪካዎች ለምን እንደገና ለምርት አልተጠቀሙባቸውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የ19ኛው መቶ ዓመት መፍተያ አራት አምስት ፎቅ ነው፤ ከአንድ የእንፋሎት ሞተር በዘንግና በቀበቶ ጉልበት ለሁሉም ፎቅ ለማዳረስ ታስቦ ነው እንደዚያ የተደረበው። ውስጡ በተቀራረቡ የብረት አምዶች የተሞላ ነው። የዛሬ የመገጣጠሚያ መስመር ደግሞ አንድ ሰፊ ወለል፣ ጥቂት አምድ፣ በየበሩ የሚቆም ከባድ መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ አዲሱ ምርት ዳር ወጣ፤ አሮጌው ሕንፃ ለመኖሪያ፣ ለሆቴልና ለሱቅ ቀረ። የፖዝናንስኪ ግቢ በ2006 «ማኑፋክቱራ» ተብሎ የተከፈተው፣ የሻይብለር መፍተያም አፓርትማ የሆነው በዚህ ነው። ማኑፋክቱራን የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን ሱቁን ትቼ ኤምኤስ2 የተባለውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ቅርንጫፍ አያለሁ። ስብስቡ ከ1931 ጀምሮ ለሕዝብ የታየ፣ ከዓለም ቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ትምህርቱ ከየት መጣ

ዋርሶ ፈርሳ ሎድዝ ስለተረፈች፣ ከ1945 በኋላ ጥቂት ዓመታት ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ምሁርና አርቲስት እዚህ ተጠለለ። ዩኒቨርሲቲውም ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲውም በግንቦት 1945 ተመሠረቱ፤ የፊልም ትምህርት ቤቱ በ1948 ተከተለ። አንጄይ ቫይዳ፣ ሮማን ፖላንስኪ፣ ክሺሽቶፍ ኬሽሎፍስኪ የተማሩት በአንድ የፋብሪካ ባለቤት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

ለአፍሪካ የሚቀርበው ሌላው ነው። በ1952 ሎድዝ ውስጥ የውጭ ተማሪዎች ፖላንድኛ የሚማሩበት ማዕከል ተከፈተ፤ ለአሥርት ዓመታት ወደ ፖላንድ የሚመጣ የውጭ ተማሪ አብዛኛው ወደየዩኒቨርሲቲው ከመበተኑ በፊት የመጀመሪያ ዓመቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነበር። የተማሪዎቹ ሰፈር እስከ ዛሬ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም «ሉሙምቦቮ» ይባላል።

ዛሬ ለመማር የሚያስብ ሰው ሁለት መንገድ አለው። በእንግሊዝኛ ከተማረ ይከፍላል። በፖላንድኛ ከተማረ፣ በ2018ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት የሲ1 (ከፍተኛ የፖላንድኛ ችሎታ) ደረጃ የመንግሥት ሰርተፊኬት ያለው የውጭ ዜጋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቀን ትምህርት ክፍያ ነጻ ይሆናል። ችግሩ የአንድ ዓመቱ መሰናዶ ብቻውን ብዙውን ሰው ሲ1 አያደርሰውም፤ ይህን ሳያስቡ የሚመጡ በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ያጥራቸዋል። ናቫ የተባለው የመንግሥት ድርጅት በኢግናጺ ዉካሼቪች ስም የሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያን ካቀፉት ነው፤ ለምህንድስና፣ ለግብርናና ለተፈጥሮ ሳይንስ ያደላል። የዓመቱን ማስታወቂያ ያንብቡ፤ የአገሮቹ ዝርዝር ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በውጤት ሳይሆን በሰነድ ነው፦ ዲፕሎማው ሕጋዊ ማረጋገጫ፣ ከዚያም በፖላንድ በተመዘገበ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የተሠራ ትርጉም ይጠየቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማረጋገጫው ራሱ እንደገና ይተረጎማል።

ለመንገደኛ አንድ ነገር፦ ከዋርሶ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ትኬቱ «ሎድዝ ፋብሪችና» ይበል። ካሊስካ ወይም ቪጄቭ ላይ የወረደ ሰው ወደ መሃል ትራም ይፈልጋል። ፋብሪችና በ2016 ከመሬት በታች እንደገና የተሠራ ነው፤ ጎኑ ያለው የ1907 የኤሌክትሪክ ማመንጫ «ኢሲ1» ፕላኔታሪየምና የሳይንስ ማዕከል ሆኗል። ከጣቢያው በከተማው ሥር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋሻ ቁፋሮ ግን ብዙ አወዛግቧል፤ በመስከረም 2024 ማሽኑ በሥሩ ሲያልፍ አንድ አሮጌ መኖሪያ በከፊል ተደርምሷል። ነዋሪዎቹ አስቀድመው ወጥተው ነበር።

ውሃውን መልሶ ማውጣት

ጅረቶቹን መቅበር ዋጋ አስከፍሏል። ሁሉም ነገር በአስፋልትና በጣራ ሲሸፈን ዝናቡ መሬት አይገባም፤ ቦዩ ይሞላና ያጥለቀልቃል፤ የቀሩት ጅረቶች ደግሞ በበጋ ይደርቃሉ። በዩኔስኮ ጥላ ሥር ያለው የአውሮፓ አካባቢያዊ የኢኮሃይድሮሎጂ (የውሃንና በውስጡ የሚኖረውን ሕይወት ግንኙነት የሚያጠና ሳይንስ) ማዕከል ሎድዝ ውስጥ መሆኑ ስለዚህ አይገርምም፤ ቤተ ሙከራው በር ላይ ነው።

በሶኮዉፍካ ላይ የሠሩት ነገር ለመረዳት ቀላል ነው። ከመንገድ የሚመጣው ጎርፍ መጀመሪያ ወደ ገንዳ ገብቶ ፍጥነቱን ያጣል፤ አሸዋና ደለሉ ይወርዳል። ቀጥሎ በሽቦ ቅርጫት የታሰረ የኖራ ድንጋይ መሃል ያልፋል፤ ድንጋዩ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ረቂቅ ሕዋሳት የሚመግበውን ፎስፈረስ ይይዛል። በመጨረሻ ሸምበቆና ቄጠማ መሰል ተክሎች በተተከሉበት ክፍል አልፎ ወደ ኩሬው ይገባል። በዋጌቭኒኪ ደን ውስጥ ሰው የሚዋኝባቸው የአርቱሩቬክ ኩሬዎችም፣ በበጋ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን መርዛማ ሳይኖባክቴሪያ ለመቀነስ፣ በተመሳሳይ ዘዴ ታክመዋል። የቆቃን ውሃ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የአፍሪካው አቻ ማዕከል አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ሎድዞቹም በፖላንድ የልማት ድጋፍ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሠርተዋል።

ይህ ሥርዓት ርካሽ ነው፤ የሚበላሸውም በጥገና ማነስ ነው። የመጀመሪያው ገንዳ በየጊዜው ካልተጠረገ ይሞላና ጎርፉ ደለሉን ይዞ በላዩ ያልፋል። ደለሉ የኖራ ድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ቅርጫቱን ፈትቶ ድንጋዩን ከመቀየር ሌላ መላ የለም። ተክሉም በመኸር ታጭዶ ከግቢው መውጣት አለበት፤ ከተተወ በብርዱ ወራት እዚያው በስብሶ የያዘውን ፎስፈረስ ለኩሬው ይመልሰዋል።